ጎማ ሰው ያነሳል ወይ

ሰፈሩ «ቀደዳ» ብሎ ስም ያወጣለት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ያን እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጓሮ ቆሞ ነበር። የቱታ ሱሪው ከመቀመጫው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሷል። በእጁ አረንጓዴ የውሃ ጎማ ይዟል፤ ጎማው መሀሉ ላይ እንደ ዓሣ አፍ ተከፍቷል። የሚያየው ሰው ቢኖር አትክልት ሲያጠጣ አዳልጦት ወድቆ ነው ይል ነበር። እሱም መጀመሪያ ሐሳቡ ላይ የመጣለት ይኸው ነበር፤ ግን «አዳለጠኝ» ብሎ መናገር እንደሱ ላለ ሰው ጨው የሌለው ምግብ ነው። አፍ ውስጥ ገብቶ ምንም አይልም።

የጓሮው በር ተከፈተና ባለቤቱ ብቅ አለች። ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯን ከአንገቷ የምታወርደው ስትተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም አንዳንዴ ትረሳዋለች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ጃርት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ጎማውን የቀደደው። ይሄን የሚያክል» አለና ሁለት እጁን ዘረጋ። ወዲያው በዛብኝ መሰለውና አንድ ስንዝር ያህል ሰበሰበው። «ልይዘው ስል ታገለኝ። ሱሪዬም የራሰው በዚያ ነው።»

ባለቤቱ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አወረደችና ጎማውን ከእጁ ተቀበለችው። የተከፈተውን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው፣ ዳር ዳሩን አየችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው የቀደደውን ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ሚስማር የያዘውን፣ ውሻ የጎተተውን፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የተተረተረውን አንድ በአንድ ለይታ ታውቃለች፤ ደንበኛ ሲዋሻት ግን ዝም ብላ ትሰፋለች።

«ይሄ ጥርስ አላየውም» አለች። «ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የተተረተረው። ቀሚስ ቢሆን፣ የወፈረ ሰው በግድ ለብሶት ቁጭ ሲል ፈነዳ እለው ነበር።»

«ቁጭ ሲል» የምትለዋ ቃል እሱን ወጋችው። መቀመጫውን በእጁ ሸፈን አደረገ።

«ሽቦውስ?» አለች፣ የጎማውን ጫፍ አንስታ። አፉ በሽቦ አሥር ዙር ታስሮ ነበር። «ይሄንንም ጃርቱ ነው ያሰረው? ጃርቱ ፒንሳ ነበረው?»

ሽቦውን መፍታት ረስቶት ኖሯል። ቀደዳ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እንዲህ ባለች ትንሽ ነገር ነው፤ ትልቁን ነገር አሳምሮ ይሠራውና ጅራቱን ውጭ ይተወዋል።

በታላቋ ልጃቸው ጊዜም የሆነው ይኸው ነው። የአማቾች ምሳ ላይ፣ የሚነዳት አውቶቡስ ጭቃ ውስጥ ገብታ እስከ ወገቧ ስትሰምጥ፣ የእሳት አደጋ ጎማ ከሥሯ ዘርግቶ፣ ሁለቱን አፍ አስሮ ውሃ ሲሞላበት አርባ ሦስት ሰው ከነሻንጣው እንዴት ከፍ እንዳለ አወራ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የሙሽራው አጎት ግን የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበርና እስክሪብቶ አወጣ። የታርጋ ቁጥሯን ጠየቀው። ቀደዳ ዓይኑን ሳያሽ አንድ ቁጥር ጠራለት። አጎትየው ሄዶ ቢያጣራ ቁጥሩ የቆሻሻ መኪና ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቀደዳን ሰላም ሲለው የሚያቀብለው ሁለት ጣት ብቻ ነው።

«ስማኝ» አለች ባለቤቱ። «ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የትንሿ ልጃችን እጮኛ ወላጆች ይመጣሉ። ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ጎማው ይጠገን፤ በዚህ አቧራ ሰው አልቀበልም። ሁለተኛ፣ እንዴት እንደተቀደደ ሳትቀድ ንገረኝ። አንዱ ከጎደለ ምሳህን እቋጥርልሃለሁ፣ እህትህ ጋ ሄደህ ትበላለህ። ለእንግዶቹ አሞታል እላለሁ።»

«ልትዋሺ ነው ማለት ነው?»

«ከማን ተምሬ» አለችና ገባች።

ቀደዳ ለዚህ ምሳ ሲል ከረባቱን ትናንት ማታ ራሱ ተኩሶ ወንበር ላይ ሰቅሎታል። ትንሿ ልጅ የመጨረሻዋ ናት። ከእሷ በኋላ የሚቀመጥበት የአማች ማዕድ የለም። እህቱ ቤት ደግሞ ምሳ ሲበላ በቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ ነው የሚታየው። ስለዚህ እጅጌውን ሰበሰበ።

መጀመሪያ በአቋራጭ ሞከረ። ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ላይ አንድ ቁራጭ ቆርጦ ቁስሉ ላይ ጠመጠመ፣ በላዩ ፕላስተር አዞረበት፣ በፕላስተሩ ላይ ሽቦ። ሲጨርስ ጎማው እግሩ የተሰበረ ሰው መሰለ። ቧንቧውን ሲከፍት ውሃው በአንድ ቀዳዳ ይወጣ የነበረው በስድስት ወጣ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ግንባሩን አገኘው። በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናዋ ድምፅ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። አይታዋለች ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትክክለኛው ነበር፤ የተተረተረውን ቆርጦ ጥሎ ሁለቱን ጫፍ በመገጣጠሚያ ማያያዝ። በቢላዋ ቆረጠው። የጎማው ወርድ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ትንሿን ጣቱን ሰደደበት። ልክ ገባች። አልወጣችም። ቢጎትት፣ ቢያዞር፣ ቢለማመጣት አሻፈረኝ አለች። ሩብ ሰዓት ያህል ከጎማው ጋር ተሳስሮ ከቆየ በኋላ በሳሙና ወጣች፤ ስትወጣ ግን ቀልታና አብጣ ነበር። እሱ ይህን ልብ አላለውም። ልኬን ይዣለሁ ብሎ ወደ ቧንቧ ዕቃ መሸጫው ሄደ።

ሱቁን የያዘችው ልጅ እግር ሴት ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ቆማለች።

«የጎማ መገጣጠሚያ» አላት።

«ወንዴ ነው ሴቴ አባባ?»

«ይሄን ያህል አልተዋወቅንም።»

«በሁለት በኩል ጎማ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሁለቱም ወንዴ ነው» አለች፣ ሳትስቅ። ይህን ቀልድ በቀን አሥር ጊዜ ትሰማዋለች። «ወርዱስ?»

ቀደዳ ትንሿን ጣቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። «ይቺ ናት። ገብታ አረጋግጣለች።»

ልጅቷ ጣቱን አየችው፣ እሱን አየችው፣ ከዚያ እንደ ወርቅ ሠሪ ቀለበት በቀለበት ትለካው ጀመር። አንዷን የብረት ማሰሪያ እስከ ሥሩ አስገብታ «ሦስት ሩብ ኢንች ነዎት» አለችው። አንድ መገጣጠሚያና ሁለት ባለብሎን ማሰሪያ ጠቅልላ ሰጠችው።

ቤት ሲደርስ መገጣጠሚያው ጎማው ውስጥ አልገባም አለ። የጎማውን ጫፍ ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ነክሮ አለሰለሰው። ዘይት ቀባው። በጉልበቱ ይዞ ገፋ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ መገጣጠሚያው ግን በር ላይ ቆሞ እንደቀረ እንግዳ ወይ አይገባ ወይ አይሄድ። አራት ሰዓት ሆኗል። ባለቤቱ መጣች፤ ጎማውን ሳይሆን እጁን ነው ያየችው።

«በምን ለክተህ ገዛህ?»

«በጣቴ።»

«ጣትህማ አብጣለች።»

ጣቱን አነሳና አየ። እውነትም ከጎኗ ያለችውን አክላለች።

«ናሙና ሳትይዝ ሱቅ ሄድክ» አለች ባለቤቱ፤ ድምፅዋ ውስጥ ከጃርቱ ጊዜ የበለጠ ሐዘን ነበር። እሷ ለአንድ ቁልፍ እንኳ ጨርቁን ሳትይዝ ገበያ ወጥታ አታውቅም። መቀስ አምጥታ ከጎማው ጫፍ ላይ ቀለበት የምታክል ቁራጭ ቆረጠችና በመርፌ ቁልፍ ደረቱ ላይ ሰካችለት። «ይሄን አሳያት። አፍህን አትክፈት፤ ደረትህን ብቻ።»

ቀደዳ አረንጓዴ ኒሻኑን ደረቱ ላይ ሰክቶ መንገዱን አቋረጠ። ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ሆኖ «ምን ተሸለምክ?» ብሎ ጮኸበት። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ጥያቄ ለሁለት ሰዓት ወሬ ይበቃ ነበር። ዛሬ «የጎማ ናሙና ነው» ብሎ አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ እስኪሰወርበት ድረስ ከኋላው አየው፤ ሰውየውን ምን ነክቶት ነው ብሎ ሳይጨነቅ አልቀረም።

የሱቋ ልጅ ደረቱን አይታ ግማሽ ኢንች አወጣች። «ጣትዎ ቀነሰች?»

«ተሻላት» አለ።

አምስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ጓሮ ውስጥ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሱ የጎማውን ሁለት ጫፍ በመገጣጠሚያው ላይ ገፍቶ ይዟል፤ እሷ በካቻቪቴ የማሰሪያውን ብሎን ታዞራለች። ከጎማው ርዝመት አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር ጎድሏል፤ ለክታዋለች።

«ልንገርሽ?» አለ።

«እየሰማሁ ነው። አንተ ብቻ አጥብቀህ ያዝ።»

«አውቶቡሷን ታውቂያታለሽ አይደል። ጭቃ ውስጥ የገባችዋን።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቃታለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት ስነሳ፣ እውነት ግን ጎማ ያን ያህል ነገር ያነሳል ወይ ብዬ አሰብኩ።»

ካቻቪቴው ቆመ። «የራስህን ወሬ ተጠራጠርከው?»

«ትንሽ።»

ይህ ነበር ከጉሮሮው አልወጣ ብሎት የዋለው። ሰው አያምነኝም ብሎ ተጨንቆ አያውቅም፤ አያምኑትም፣ እሱ ግን ግድ አልነበረውም፤ አንድ የሚያምን ሰው ሁልጊዜ ነበረ፣ እሱ ራሱ። አሥራ አንድ ዓመት ሲያወራት ጭቃውን እስከ ማሽተት ደርሶ ነበር። ዛሬ ግን ከአልጋው ሳይወርድ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገው። ጭቃው ነበረ፤ አውቶቡሷም ሰምጣ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ትራክተር የመጣ መሰለው።

«ከዚያስ?» አለች፣ ብሎኑን መልሳ እየያዘች።

«አውቶቡስ ካነሳ እኔን የማያነሳበት ምክንያት የለም አልኩ። አፉን በሽቦ አሰርኩት። ጠቀለልኩትና ተቀመጥኩበት። ቧንቧውን በእግሬ ከፈትኩት።»

«በእግርህ?»

«እጄ አይደርስማ። ተቀምጫለሁ።»

ባለቤቱ ከንፈሯን ነከሰች። «እና አነሳህ?»

እዚህ ላይ ቀደዳ አየር ሳበ። ይህች ቦታ ለእሱ እንደ ቁልቁለት ናት፤ ፍሬን ካልያዘ መኪናው ራሱ ይሄዳል።

«አንድ ክንድ» አለ።

ባለቤቱ ከብሎኑ ቀና ብላ አየችው።

«ስንዝር።»

ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«ወዝወዝ አደረገኝ።»

ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አወረደች።

«አላነሳኝም» አለ ቀደዳ። «ፈነዳ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከሠላሳ አራት ዓመት ትዳር በኋላም ከጀርባ ሲያያት ማልቀሷን ከመሳቋ ለይቶ አያውቅም። ስትዞር ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ ፊቷ ግን የቁም ነገር ነው።

«የጨመርከው የለም?»

«የለም። በእግሬ ያልኩሽም እውነት ነው።»

«እሱንማ ማን ይፈጥረዋል» አለችና የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀች።

ቧንቧው ተከፈተ። ጎማው ሞላ፣ ተንፈራገጠ፣ ረጋ። መገጣጠሚያው ላይ አንዲት ጠብታ ብቅ አለች።

«ላብ ነው» አለ ቀደዳ።

«ማፍሰስ ነው።» ግማሽ ዙር ጨመረችለት። ከዚያ ከኪሷ ነጭ ብጣሽ ጨርቅ አውጥታ መገጣጠሚያው ላይ ጠቀለለች፤ ሁለቱም ማሰሮ ጥደው እንደሚጠብቁ ሰዎች ቁጭ ብለው ጠበቁ። ጨርቁን ስትፈታው ደረቅ ነበር። «ሂድ ታጠብ» አለችው። «ከተጠየቅክ ብቻ ትመልሳለህ። የሆነውን ብቻ።»

እንግዶቹ በሰዓታቸው መጡ። የእጮኛው አባት ጡረታ የወጣ የመሬት ቀያሽ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ እርምጃውን የሚቆጥር የሚመስል። እናቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ሁለቱ እጮኛሞች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሩዝ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሰላጣ ቀረበ። ቀደዳ ከረባቱን አጥብቆ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እና «ይጨመርላችሁ» ከማለት በቀር ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፉን ለምግብ ብቻ ከፈተ። ትንሿ ልጁ ሁለት ጊዜ «አባዬ፣ አሞሃል?» አለችው።

ችግሩ የመጣው ከቀያሹ ነው። ሲገባ ጎማውን ተሻግሮ ነበርና ዓይኑ አይቶታል።

«ጥሩ አድርጎ ነው የተያያዘው፣ የውሃው ጎማ» አለ። «ማን ጠገነው?»

«እኔና ባለቤቴ» አለ ቀደዳ።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ፈንድቶ።»

«ጎማ እንዲሁ አይፈነዳም።»

«አፉን አስሬ ውሃ ለቀቅኩበት።»

«ለምን?» አለ ቀያሹ፣ ሹካውን አስቀምጦ።

ቀደዳ ባለቤቱን አየ። እሷ የሰላጣውን ቅጠል ታያለች። ትንሿ ልጅ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ታላቅ እህቷ ላይ የደረሰውን ታውቃለች።

«ጎማ ሰው ያነሳ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው» አለ። «ተቀምጬበት ነበር። አላነሳኝም።»

ማንም አላኘከም። ቀያሹ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ «አይሆንም» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አንዴ ብቻ።»

«መኪና ውስጥ ምን ብለህ ነበር?»

«ጉዳዩ ሲነሳ እኮ ነው፣ እኔ አላነሳሁት» አለና ወደ ማዕዱ ዞረ። «እኛ በዚህ ዘዴ መጋዘን አንስተናል። አንድ ጎኑ ሰምጦ ነበር። ጎማ ከሥሩ ዘረጋን፣ ውሃ ሞላን፣ መጋዘኑ ከነእህሉ ከፍ አለ። ጠባቂው ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ አልነቃም።»

እጮኛው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አዋላጇ በሳህኖቹ ላይ አሻግራ የቀደዳን ሚስት አየቻት፤ ልብስ ሰፊዋም አየቻት። ሁለት ሴቶች በአንድ ሐኪም የሚታከሙ መሆናቸውን በድንገት ሲያውቁ እንዲህ ነው የሚተያዩት።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ» አለች አዋላጇ። «እኔ ቀያሽ ሳገባ ሜትር የሚጠብቅ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ ቀደዳ ዞረች። «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን። እርስዎ ቁጥብ ሰው ነዎት፤ ደግሞም ሞክረውታል። ጎማ መጋዘን ያነሳል?»

ቀደዳ አፉን በናፕኪን ጠረገ። አያነሳም ካለ፣ ከእንግዲህ ከዚህም ቤት ሁለት ጣት ነው የሚቀበለው፤ ልጁም ገና ሳትገባ አማቷን አዋርዳ ገባች ይባላል። ያነሳል ካለ፣ የእህቱ ቤት በር ክፍት ነው። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ መጋዘን ከተነሳ የእሱ አውቶቡስ በነጻ ነው የምትነሳው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የኖረ ምስክር ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ቀያሹ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ባለቤቱ አሁን ሰላጣውን ትታ እሱን ታየዋለች።

«የኔ እኔን አላነሳኝም» አለ ቀደዳ። «የእርሳቸውን ጎማ አላየሁትም።»

ቀያሹ ሹካውን አነሳ።

«ልክ ነው» አለ ቀያሹ። «አላዩትም።»

«ወፍራም ሊሆን ይችላል» አለ ቀደዳ።

«ወፍራም ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው አዋላጇ ናት፣ ቀጥሎ እጮኛው፤ ትንሿ ልጅ ዓይኗን ገለጠች። የቀደዳ ባለቤት የሩዙን ጭልፋ አንስታ ሳህኑ ላይ ጨመረችለትና ወንበሯን ወደሱ ጠጋ አደረገች።

«እንዴት እንደተቀመጥክበት ንገራቸው» አለችው። «ከመጀመሪያው።»

ነገራቸው። ሽቦውን፣ ጥቅልሉን፣ የቱታ ሱሪውን፣ ጎማው ከሥሩ ሲያጉረመርም እንዴት እስትንፋሱን ይዞ እንደጠበቀ። የሚጨምርበት ቦታ ዘወር እያለ ፈለገ፣ አላገኘም፤ ሁሉም ሞልቶ ነበር። ቀያሹ እስከ መጨረሻው ሳይስቅ፣ እንደ ባለሙያ ሲያዳምጥ ቆየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ቧንቧውን በየትኛው እግርዎ ከፈቱት?»

«በግራ» አለ ቀደዳ።